የርግብ ፎቶና የገበሬ ፈቃድ፦ በሰንዳፋና በሱሉልታ የሚሠራ የወፍ አስጎብኚ አገልግሎት ሲገመገም

ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ ወደ ሰንዳፋ፣ ወይም እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ ለሚወጣ የወፍ ፎቶ አንሺ ርግብ ማግኘት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ርግቡ ያረፈበት ማሳ ባለቤት ያለው መሆኑ ነው። ከተማው እየሰፋ የመጣባቸው የእነዚህ አካባቢዎች ገበሬዎች፣ ማሳቸው ዳር ሦስት እግር ያለው መሣሪያ ተክሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያነጣጥር እንግዳ ሲያዩ መጀመሪያ ወደ ልባቸው የሚመጣው ወፍ ሳይሆን ቀያሽ ነው፤ ከቀያሹ በኋላ ካሳ፣ ከካሳው በኋላ ደላላ፣ ከደላላው በኋላ የግንብ አጥር እንደሚከተል ከጎረቤት አይተዋል። ስለዚህ ትራይፖድና ረጅም ሌንስ ተሸክሞ ሳይጠይቅ ወደ ማሳ የሚገባ ሰው ውሻ ቢለቀቅበት ወይም ሚሊሻ ቢጠራበት የሚደንቅ አይደለም።

ይህ ግምገማ የሚመለከተው ይህንኑ ችግር ሥራዬ ብሎ የያዘ አነስተኛ አገልግሎት ነው። ባለቤቶቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ወፎችን በድምፃቸው ጭምር የሚለይ አስጎብኚ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰንዳፋ አካባቢ ተወልዶ ያደገና በአፋን ኦሮሞ አፉን የፈታ ወጣት ነው። ቢሮም ሆነ ታፔላ የላቸውም፤ ሰው ለሰው እየነገረላቸው በስልክ ይገኛሉ። ምን እንደሚሠሩ ሲጠየቁ «የወፍ ጉብኝት» ብለው ይመልሳሉ፤ እኔ እንደተመለከትኩት ግን ደንበኛው ከሚከፍለው ገንዘብ አብዛኛው ገበሬው «ግቡ» እንዲል አስቀድሞ ለተደከመው ድካም የሚውል ነው። ወፉን ጥሩ የመስክ መጽሐፍ ያለው ሰው ራሱም ሊለየው ይችላል፤ መኪናም በከተማው ሞልቷል። ፈቃዱን ግን ከከተማ የሄደ ሰው በአንድ ጠዋት አያገኘውም፤ ቢያገኘውም እስከ ረፋድ ድረስ የሚዘልቅ አይሆንም።

ወጣቱ ወደ ገበሬው ቤት የሚሄደው ደንበኛው ከመምጣቱ ቀደም ብሎ ነው፤ ጉዳዩን በስልክ አይጨርስም። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ በስልክ የተሰጠ ፈቃድ ከሰጪው በቀር ማንም የማያውቀው ፈቃድ እንደሆነ ይናገራል፤ አባወራው ጠዋት ገበያ ወይም ለቅሶ ቢሄድ እቤት የቀረው ልጅ፣ አጎራባቹ ገበሬና የቀበሌው ሚሊሻ ስለ እንግዳው የሰሙት ነገር ስለማይኖር ነገሩ ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። በአካል ሄዶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ቤተሰቡ ባለበት የተነገረ ነገር ግን በዚያው ምሽት መንደሩን ያዳርሳል። ለቀበሌውም ለብቻው ይነገራል፤ እኛ በሄድንበት ቀን መንገድ ላይ ያገኘን ሚሊሻ «የርግቦቹ ሰዎች ናችሁ?» ብሎ ጠይቆ ከማለፍ በቀር መታወቂያ እንኳ አላየም። ይህን መሰል ጠዋት ለብቻው ወጥቶ ያለፈለት ፎቶ አንሺ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ደንበኛው ሲደርስ ፈቃዱ በድጋሚ ይጠየቃል። መጀመሪያ ላይ ይህ ለጊዜ ማባከኛ የተደረገ ሥነ ሥርዓት መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን የአገልግሎቱ ምርጥ ክፍል እርሱ ነው። ወጣቱ ደጃፉ ላይ ቆሞ በአፋን ኦሮሞ ሰላምታውን አስረዝሞ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ አዝመራው ከጠየቀ በኋላ ወደ አማርኛ ተመልሶ እኛ እንድንሰማ «ኦቦ፣ ያልኩዎት እንግዶች እነዚህ ናቸው» አለ። ሽማግሌው ካሜራውን አተኩረው ካዩ በኋላ ሊነኩት እንደሚችሉ ጠየቁ። አስጎብኚው በሌንሱ በኩል ወደ ራሳቸው በሬ እንዲያዩ አደረጋቸው፤ የበሬውን ዓይንና በዓይኑ ዙሪያ የተሰበሰበውን ዝንብ ሲያዩ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ነው «እና ይህን ሁሉ ተሸክማችሁ የመጣችሁት ለርግብ ነው?» ያሉት። አዎን ስንላቸው «ፎቶዋን ትታችሁ ርግቧን ራሷን ብትወስዱልኝ ነበር ደግ፤ ምስሬን ጨረሰችው» አሉ። ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው «ብትበላም የኖኅ መልእክተኛ ናት፤ እንዲህ አይባልም» ብለው ገሠጿቸው። እንዲህ ያለ ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ ትራይፖዱ ቀያሽን ማስታወሱን ያቆማል።

አንዳንድ ፎቶ አንሺዎች መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ከገበሬ ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም ብለው ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ማድረጉ እውነት ነው፤ ያው አንቀጽ ግን ገበሬው ከይዞታው ያለመነቀል መብቱ የተከበረ መሆኑን ይደነግጋል፤ በማሳው ላይ ያለው ሰብልም ያለ ጥርጥር የራሱ ነው። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ የመንደሩ ከብት ሁሉ በየማሳው እየገባ ቃርሚያውን የሚግጥባቸው ቦታዎች በመኖራቸው፣ ከብት የሚገባበት ማሳ ለሰውም ክፍት ነው ብሎ የሚያስብ አለ። የጎረቤት ከብት ግን የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ሌንስ የያዘ እንግዳ አይታወቅም።

የአገልግሎቱ ሁለተኛው ጥንካሬ ጊዜውን የሚመርጥበት መንገድ ነው። በሰንዳፋ ዙሪያ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ምስር፣ ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ ሰብሉ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ይከመራል፤ ከዚያም አውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ ርግብ ከያለበት ይሰበሰባል። ነገር ግን ውቂያ ባለበት ቀን በሬ፣ ሰው፣ መንሽና አቧራ ስለሚበዛ ርግቡ ቢመጣም አይረጋም። አስጎብኚዎቹ ስለዚህ የሚመርጡት የበዓል ቀን ነው፤ ወር በገባ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም ዕለት በዓል አክባሪው ገበሬ አውድማውን ትቶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ አውድማው ላይ ወንጭፍ የያዘ አንድ ልጅ ብቻ ይቀራል። ልጁም አስቀድሞ ከአባቱ ትእዛዝ ስለተቀበለ ለሁለት ሰዓት ያህል ወንጭፉን ያሳርፋል። የተበተነው ፍሬ ላይ መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ አምስት፣ ከዚያም ለመቁጠር የሚያስቸግር ርግብ ሲወርድ ማየት የጉዞውን ዋጋ ይመልሳል። ፈቃዱ በዋዜማው ካልተጠየቀ ግን ይህ ሁሉ የሚሆን አይደለም፤ በዕለቱ ጠዋት የሚፈቅድ ሰው እቤት አይገኝም።

ከሚወርዱት መካከል ለእኔ ዋናዋ ማጅራቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት፣ ሰውነቷ ጠቆር ያለ ግራጫ የሆነችው ርግብ ናት። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋዎች ብቻ የምትገኝ ናት፤ ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1837 ኮሉምባ አልቢቶርኩዌስ በሚል ሳይንሳዊ ስም መዝግቧታል። ገደል ላይና ሕንፃ ላይ እያደረች ለምግብ ወደ ማሳ ትወጣለች፤ በአዲስ አበባ ጣሪያዎች ላይ በየቀኑ የምናያት ስለሆነች ማንም ልብ አይላትም። ማሳ ላይ ግን ስትነሳ ክንፏ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ከቡናማው ቃርሚያ ጋር ሲታይ ሌላ ወፍ ትመስላለች። ከእርሷ ጋር ተቀላቅላ የምትመጣው፣ በዓይኗ ዙሪያ ቀይ ቆዳ ያላትና ክንፏ በነጭ ነጠብጣብ የተዥጎረጎረው ርግብ በአፍሪካ ሰፊ ክፍል ስለምትገኝ ለብዙ ተመልካች አዲስ አይደለችም፤ ለካሜራ ግን የተሻለችው እርሷ ናት። ዋኖሶቹ ከባሕር ዛፉ ጥግ አይርቁም። አስጎብኚው ሦስቱንም በበረራ ላይ ሳሉ ይለያቸዋል፤ ደንበኛው ካልጠየቀው ደግሞ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ይህን ጠባዩን ወድጄለታለሁ።

አውድማ ላይ ስላለው ሥርዓት ሊመሰገኑ ይገባል። ክምሩ አጠገብ ከመድረሳችን በፊት ሦስት ነገር ነገሩን፦ «ይበርክት» ሳንል እንዳናልፍ፣ ስንት ኩንታል እንደሚወጣው እንዳንጠይቅ፣ በምርቱ ላይ በጫማ እንዳንወጣ። የመጀመሪያውን ማንም ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን ግን የከተማ ሰው ለጨዋታ ያህል ይጠይቃል፤ ገበሬውም ፊቱ ይለወጣል። ምርቱ ገና ሳይገባ መቁጠር ለዓይን ማጋለጥ ተደርጎ ስለሚታይ፣ ካሜራም ወደ ፍሬው ክምር ባይነጣጠር ይመረጣል። እኛ የተቀመጥነው በገለባው ክምር ጥላ ሥር ቡሉኮ ተከናንበን ነበር። ውድ የመደበቂያ ድንኳን ለማምጣት አስቦ ለነበረ አንድ ባልደረባዬ ይህ ትንሽ አሳፋሪ መሰለው፤ ርግቡ ግን ቡሉኮውን ከገለባው አልለየም።

ስለ አደን መጻፍ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አስጎብኚዎቹ ከውጭ አገር እንግዶች ይህ ጥያቄ ደጋግሞ እንደሚመጣባቸው ነግረውኛል። በእንግሊዝ አገር ርግብ አዳኝ የገበሬውን በር አንኳኩቶ ማሳው ላይ ለመተኮስ ፈቃድ መጠየቁ የቆየ ልማድ ነው፤ ርግቡ አተሩንና ቅባት እህሉን ስለሚያጠፋበት ገበሬው ብዙ ጊዜ ያለ ክፍያ ይፈቅዳል። ያንን የለመደ ሰው ሰንዳፋ ላይ ምስር የተበላባቸውን ሽማግሌ ሲሰማ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። እዚህ ግን የገበሬው እሺታ ብቻውን ለአደን አይበቃም። አደን በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የመንግሥት ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው፤ መሣሪያውም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የራሱ ሕግ አለው። ሁለቱ ሰዎች እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ወደ ኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን መርተው ራሳቸውን ያገላሉ። የንግድ ብልኃት ብቻ አይመስለኝም፤ ማሳ ላይ አንድ ጥይት ቢጮህ ወጣቱ በመንደሩ ያካበተው መታመን በዚያው ቀን ያበቃል፤ የሰበካው ካህንም ቢሆኑ በዮርዳኖስ የወረደውን መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ለሚያስተምሩት ምእመን የሚሉት አይጠፋቸውም።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልመለስ። ፈቃዱ የአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ያበቃል፤ ርግብ ደግሞ ድንበር አታውቅም። ረፋዱ ላይ መንጋው በሙሉ ተነስቶ ቦዩን ተሻግሮ አጎራባቹ ማሳ ላይ፣ ለብርሃኑ እጅግ በተመቸ ቦታ አረፈ። የቦዩ ስፋት አንድ እርምጃ ነው። አስጎብኚው ግን እንድንሻገር አልፈቀደም፤ ወጣቱ የጎረቤትየውን ቤት ፈልጎ ጠይቆ እስኪመለስ ርግቡ ሄዷል። መከልከሉን አልነቅፍም፤ ሁለቱ ገበሬዎች በድንበር ጉዳይ ቅያሜ እንዳላቸው በኋላ ሰምቻለሁና በአንደኛው እንግድነት ወደ ሌላው ማሳ መግባት ጸብ መጫር ነበር። ነገር ግን ርግብ ከማሳ ማሳ እንደሚዘዋወር ለማንም ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ በዋዜማው ያን ሁሉ ቡና የጠጣ ሰው አጎራባቾቹንም ጨምሮ ቢጠይቅ ምን ነበረበት? ይህን ስነግራቸው ለእያንዳንዱ ጎረቤት ከተከፈለ ዋጋው እንደሚንር መለሱልኝ። መልሱ አላረካኝም። ዋጋው ይናርና ደንበኛው ይምረጥ፤ ወይም ቢያንስ የፈቃዱ ወሰን እስከየት እንደሆነ ከመነሻው ይነገረው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ በክፍያው አካሄድ ላይ ነው። ለገበሬው የሚሰጠው ገንዘብ ከአስጎብኚዎቹ ክፍያ ተለይቶ፣ በደንበኛው ፊት፣ ከእጅ ወደ እጅ መሰጠቱ የሚያስመሰግን ነው፤ በሌሎች ጉዞዎች አስጎብኚ «ለገበሬው» ብሎ ተቀብሎ ገበሬው ዘንድ ምን ያህሉ እንደደረሰ ሳይታወቅ የቀረበትን ጊዜ አይቻለሁ። ይሁን እንጂ መጠኑ የሚነገረው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ አጠቃላይ ወጪውም ከአንድ ቀን የመኪና ኪራይ እምብዛም አይዘልም። ነገር ግን ሽማግሌው እያዩ፣ ልጆች ከበው ቆመው፣ ደንበኛው የኪስ ቦርሳውን ሲፈታ ለመጠየቅም ሆነ ለመጨመር የማይመች ሁኔታ ይፈጠራል። ከመነሳት በፊት አዲስ አበባ ላይ ቢነገር ሁሉም በቀለለ።

በአንጻሩ አንድ ልማዳቸው ከክፍያው የበለጠ እንደሚሠራ አምናለሁ። ደንበኞቻቸው ካነሷቸው ፎቶዎች ጥቂቱን አሳትመው በሚቀጥለው ጉዞ ለባለማሳው ያደርሳሉ። በገባንበት ቤት ግድግዳ ላይ ከቅዱሳን ሥዕሎች ዝቅ ብሎ የተሰቀለ አንድ ፎቶ ነበር፤ የርግብ አይደለም፤ የቀንበር በሬያቸው ነው። ርግቡንማ በየቀኑ በነጻ ያዩታል ሲሉ ቀለዱ። ደንበኛ ሆኖ የሚሄድ ሁሉ ሦስት አራት ጥይት ለከብቱና ለልጆቹ እንዲያውል እመክራለሁ፤ ጥይት የምለው በፎቶ አንሺ ቋንቋ ነው፤ ለሽማግሌው እንዲህ ተብሎ እንዳይነገር እንጂ።

የሱሉልታው ጉዞ ከዚህ ያነሰ ነው። ሜዳው ሣርና ረግረግ የበዛበት፣ ድርቆሽ የሚከመርበት የወተት አገር ስለሆነ ለውሃ ወፍ የሚመች ነው፤ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ለሚፈልግ ቦታው እርሱ ነው። ርግብ ግን በብዛት አልነበረም። ወጣቱም እዚያ እንደ ሰንዳፋው አይታወቅም፤ ሰላምታው አጭር ነበር፤ የገባንበት የግጦሽ መሬት የአንድ ሰው ይሁን የመንደሩ የጋራ በቅጡ አልተነገረንም፤ በመሃል መጥቶ ማን እንዳስገባን የጠየቀን እረኛም ነበር። ለሁለቱ ቦታዎች እኩል ዋጋ መጠየቃቸው አግባብ አይመስለኝም።

ምግብ በዋጋው ውስጥ አይካተትም፤ በጾም ወቅት ከሆነ ገበሬው ቤት ከሚቀርበው ቆሎና ጠላ ሌላ መንገድ ላይ ብዙ አማራጭ ስለማይኖር ስንቅ መያዝ ይገባል። ጠላውን እምቢ ማለት የማይፈልግ ሾፌር ያለው ሰው ደግሞ አስቀድሞ ይምከረው። ሌንስ ከ400 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ቢሆን ይሻላል። ጠዋት በ12 ሰዓት ከከተማ መውጣት ግድ ነው፤ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ስለሚበረታ የርግቡ ግራጫ ቀለም ይሞታል። ድሮን ይዞ መምጣት እነርሱም አይቀበሉትም፤ ያለ ፈቃድ ማስነሳት ክልክል ከመሆኑ በላይ ከትራይፖዱ የባሰ ጥርጣሬ ያስነሳል።

ለሰንዳፋው ጉዞ ደግሜ እከፍላለሁ፤ በቅድሚያ ግን ሁለት ነገር በስልክ አስረግጬ እጠይቃለሁ፦ ለገበሬው የሚሰጠው ስንት እንደሆነና ፈቃዱ አጎራባቾቹን ይጨምር እንደሆነ። ወደ ሱሉልታ ግን የአካባቢውን ሌላ ሰው አግኝተው እስኪያስተካክሉት ድረስ አልሄድም። ቀጠሮ ለመያዝ ገናን ሳይጠብቁ መደወል ይበጃል፤ በጥምቀት ሰሞን ሁለቱም አይሠሩም፤ ከጥምቀት በኋላ ደግሞ አብዛኛው አውድማ ተጠርጎ ምርቱ ጎተራ ስለሚገባ ርግቡ በየቃርሚያው ተበትኖ በአንድ ቦታ አይገኝም።